ከአራት ሺህ ወንድሞቼ ጋር ግዙፍ ድርጅት ስላደረጉኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ወይዘሮ ማርሊስ ሄግዳል
በኖርዳል ከተማ የአናሳ ማኅበረሰብ አነስተኛ ድርጅቶች ማረጋገጫ ቢሮ ኃላፊ
ሚኒሶታ

የተከበሩ ወይዘሮ ሄግዳል፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቢሮዎ ባልደረቦች በሙሉ፣ እንዲሁም በደወልኩ ቁጥር «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» እያለች አርባ አርባ ደቂቃ በሙዚቃ ለምታቆየኝ፣ ስልኩ ውስጥ ለምትኖረው እመቤት የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎስ እንዴት ሆነልዎ? በመስከረም ቢሮዎ ብመጣ «ወገባቸውን አሟቸው ቀርተዋል» ተባልኩ፤ በጥቅምት ብመጣ «ስለ ወገብ ሕመም አከላከል ስልጠና ላይ ናቸው» ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቤ በሙሉ ለወገብዎ ሲጨነቅ ነው የከረመው። ይህን ደብዳቤ በከተማው ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ሦስት ጊዜ ስላመጡልኝ፣ አራተኛውን ለሰው ሁሉ ብልከው ከመካከል አንድ የሚያነበው አይጠፋም ብዬ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ናኦ ፌንግ ሙዋ እባላለሁ፤ ከላኦስ ተራሮች በጦርነት ተሰደን ከመጣነው ከሞንግ ሕዝብ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ በሚያርድ ፋብሪካ ቆሜ ክንፍ ስቆርጥ ኖሬ፣ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አንታጠፍም ብለው ሲያምፁብኝ፣ ከባለቤቴ ከማይ ኚያ ጋር መክሬ አንድ ያገለገለ ፒክአፕ፣ ከፊቱ የሚገጠም የበረዶ መግፊያና አራት አካፋ ገዛሁና «ሙዋ በረዶ ጠረጋ» የሚባል ድርጅት ከፈትኩ። ሠራተኛዬ አንድ ሰው ነው፤ አጎቴ ቾንግ ኔንግ፣ ዕድሜው ስልሳ ሰባት፣ አካፋ ሲይዝ ግን ጎረምሳ የማይደርስበት። በሚያዝያ ወር ከተማው አርባ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታዎችን ከበረዶ የሚያጸዳለት እንደሚፈልግ፣ ሥራውም በአናሳ ማኅበረሰብ ሰዎች ለተያዙ አነስተኛ ድርጅቶች ብቻ እንደተተወ ሲያስታውቅ፣ አጎቴ ማስታወቂያውን ከግድግዳ ላይ ገንጥሎ ይዞልኝ መጣ። የጎደለን የእርስዎ ቢሮ የምስክር ወረቀት ብቻ ነበር። እሱ ከተገኘ በራሳችን መኪና የራሳችንን ሥራ እንሠራለን፤ ካልተገኘ ፒክአፑ ይሸጣል፣ እኛም የሰው ደጅ እንጠናለን። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለውን ነገር ቢሮዎ እንደማያነብ ተነግሮኛልና።

አንደኛ፦ ወንድሞቼን ስላሰባሰቡልኝ።

የማመልከቻው ቅጽ በዘጠነኛው ገጽ ላይ «ወንድሞችና እህቶች አሉዎት? ስንት? የሚያንቀሳቅሱት ድርጅት ካለ ሁሉንም ይዘርዝሩ» ብሎ በትሕትና ይጠይቅና፣ ወዲያው ከሥሩ አንድ ሰው መደበቅ እንኳ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ያስታውሳል። እንግዲህ ሙዋ የጎሳ ስም ነው፤ በእኛ ዘንድ ሙዋ የተባለ ሁሉ ወንድሜ ነው። ሙዋ ሙዋን አያገባም፤ በማላውቀው ከተማ መኪናዬ ብትቆም ሙዋ የሚል ስም ፈልጌ እደውላለሁ፤ ያ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ሰው ደግሞ መጥቶ መኪናዬን ጎትቶ፣ ሩዝና የተቀቀለ ዶሮ አብልቶ፣ የራሱን አልጋ ለቆልኝ ያሳድረኛል። ወንድም ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን እንደሆነ ቅጹ አልነገረኝም።

ማይ ኚያ ከነገሩ መጀመሪያ አስጠንቅቃኝ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ የእናትህን ልጆች ነው የጠየቁህ፤ ሦስት ብለህ ጻፍና ገላግለኝ» አለችኝ። አጎቴ ግን ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «አንድም እንዳታጎድል!» ብሎ ጮኸ። አጎቴ ከላኦስ ጦርነት በኋላ በታይላንድ የስደተኞች ሰፈር አራት ዓመት ኖሯል፤ እዚያ ሩዝ የሚታደለው በስም ዝርዝር ስለነበር፣ ስሙ የተዘለለ ሰው ለሳምንት ጦሙን ያድራል። እሱ ባለበት ቤት የመንግሥት ወረቀት ላይ ዘመድ መዝለል የማይታሰብ ነገር ነው። «መንግሥት ሲጠይቅህ ሁሉንም ጻፍ፤ የረሳኸውን እኔ አስታውስሃለሁ» አለና አጠገቤ ቁጭ አለ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ለማን ያልደወልነው አለ? «ወንድሞችና እህቶች» በሚለው ፊት ለፊት «በዚህች ግዛት ውስጥ ወደ አራት ሺህ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ድርጅቶችንም ከምግብ ቤት እስከ ጥፍር ቤት፣ ከቀብር አስፈጻሚ እስከ ዓሣ ማጥመጃ ትል ሻጭ፣ በሃያ ስድስት ገጽ ዘርዝሬ አያያዝኩ። አጎቴ ወረቀቱን መዝኖ «እንዲህ ነው እንጂ ማመልከቻ» አለ። የጤፍ ፍሬ ታህል ሐሰት የለበትም፣ ወይዘሮ ሄግዳል፤ ምናልባት በታሪክዎ የደረሰዎት ብቸኛው እውነተኛ ቅጽ ያ ሳይሆን አይቀርም።

በሰኔ የመጣው መልስ ታዲያ አፌን አስያዘኝ። «ድርጅትዎ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት እህት ድርጅቶች ጋር የተሳሰረ ግዙፍ ቡድን መሆኑ ስለተረጋገጠ አነስተኛ ሊባል አይችልም» ይላል። አጎቴ ሲነበብለት ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳኝና «እንኳን ደስ አለህ ጌታዬ፣ እኔ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው ቢሮዬ?» አለኝ። ወሬው በአንድ ቀን ተዛመተ። የቀብር አስፈጻሚው ቶንግ ሙዋ ደውሎ «አለቃዬ፣ የዓመት ፈቃዴን መቼ ትፈርምልኛለህ?» አለኝ፤ ትል ሻጩማ ማቀዝቀዣው ስለተበላሸ ዋናው መሥሪያ ቤት እንዲያስጠግንለት በጽሑፍ ጠየቀ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጄን ለክንፍ ቆራጭ ሰጠሁ እያለ ሲቆጭ የኖረው አማቴ ሳይቀር ዶሮ ይዞ መጥቶ ባለጸጋው አማቹን ጠየቀ። ይህን ያህል ክብር በአንድ ገጽ ደብዳቤ ያጎናጸፈኝ ከእርስዎ በቀር ማንም የለም።

ሁለተኛ፦ ዋናውን መሥሪያ ቤታችንን ስለጎበኙልን።

ይግባኝ ባቀርብ መርማሪዎን አቶ ብሬንትን ወደ ቤቴ ልከውልኝ ነበር፤ ምንኛ ጨዋ ሰው ነው! የግዙፉን ቡድን ዋና መሥሪያ ቤት አሳየኝ ሲለኝ ጋራዤን ከፍቼ ፒክአፑን፣ አራቱን አካፋዎችና ባለቤቴ በሰፌድ አስጥታ የምታደርቀውን በርበሬ አሳየሁት። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና «የተቀሩት ፎቆች የት ናቸው?» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን ብዕሩን አውጥቶ ጻፈ። ኋላ የሪፖርቱ ግልባጭ ሲደርሰኝ «ዋናው መሥሪያ ቤት ሆን ተብሎ ትንሽ እንዲመስል ተደርጓል» የሚል ሆኖ አገኘሁት።

ክፋቱ ደግሞ ያን ቀን ቤቴ አሥራ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው የእህቴን ልጅ የጋብቻ ስምምነት እየተደራደሩ ነበር፤ እንግዳ መጥቶ ሳይበላ መሄድ የለበትምና አቶ ብሬንትንም አስገብተን ከመካከላቸው አስቀመጥነው። ሩዙን፣ ዶሮውን፣ በቃሪያ የተወቀጠውን ፓፓያ ደስ ብሎት በላ፤ ዓይኑ እንባ እስኪያፈስ ድረስ በላ፤ ጨመርንለት፣ ደገመ። በሪፖርቱ ላይ ይህ ሁሉ «የቡድኑ የቦርድ አባላት በዝግ ስብሰባ ላይ ተገኝተዋል፤ መርማሪውን ለመደለል የሚመስል ምሳም ቀርቧል» ተብሎ ሰፍሯል። አጎቴ ይህን ሲሰማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መድገሙንስ ጽፎታል?» አለ። አልጻፈውም። በዚህ አጋጣሚ ይታረምልን።

ሦስተኛ፦ ከራሴ ጋር ስላስተዋወቁኝ።

ይህንን በዝርዝር ካልነገርኩ አንባቢ እብድ ነው ይለኛል። የሞንግ ወንድ ሚስት አግብቶ ልጅ ከወለደ በኋላ አማቱ ከቀድሞ ስሙ ፊት ሌላ ስም ይጨምርለታል፤ ሰው ሆንክ፣ ከእንግዲህ ምክርህ ይሰማል ማለት ነው። እኔም ፌንግ ሙዋ የነበርኩት ናኦ ፌንግ ሙዋ ተብዬ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ወረቀቶቼንም በፍርድ ቤት አስለውጬ በክብር እየኖርኩ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ፌንግ እያለሁ፣ በበጋ ሣር ለማጨድ ከቢሮዎ የምስክር ወረቀት አውጥቼ ነበር፤ ሥራውንም ተውኩት፣ ወረቀቱንም ረሳሁት። እናንተ አልረሳችሁትም፤ እግዜር ይስጣችሁ።

በነሐሴ ደብዳቤ መጣልኝ። ግዙፍ እንደመሆኔ ለትልልቆች ክፍት በሆነ ጨረታ መወዳደር እንደምችል፣ ነገር ግን ከሥራው አሥረኛውን እጅ በአናሳ ማኅበረሰብ ሰው ለተያዘ አነስተኛ ድርጅት የማካፈል ግዴታ እንዳለብኝ ይገልጽና፣ ለእኔ ሲባል የተመረጡ ድርጅቶችን ዝርዝር ያያይዛል። የመጀመሪያው ስም ፌንግ ሙዋ ነው። አድራሻው የእኔ ቤት። ስልኩ የእኔ ስልክ። ያን ቀን በዕድሌ ራስዎ ስልኩን አነሱልኝ። «ወይዘሮ ሄግዳል፣ ይህ ሰው እኮ እኔው ነኝ» ብልዎት፣ «እንዴት ደስ ይላል አቶ ሙዋ፤ እንግዲያው ለመግባባት አይቸግራችሁም» አሉኝ።

ከራሴ ጋር ውል ተዋዋልኩና ላክሁ። ፊርማዎቹ ይመሳሰላሉ ተብሎ ተመለሰ። የፌንግን በግራ እጄ ፈረምኩለት። ፊርማው አለፈ፤ ግን ሁለታችን በአንድ አድራሻ መኖራችን የጥቅም ግጭት ስለሚፈጥር አንዳችን ቤቱን እንድንለቅ ታዘዝን። ማይ ኚያ ማን ይልቀቅ ብዬ ባማክራት «ቅጽ የሚሞላው ይውጣ፤ አካፋ የሚይዘው ይቅርልኝ» አለች። በስተመጨረሻ ጨንቆኝ፣ እንግዲያውስ ግዙፉ ናኦ ፌንግ ገደል ይግባ፣ ፌንግ ብቻውን ይወዳደር ብዬ ብጠይቅ፣ ፌንግ የተፈቀደለት ለሣር እንጂ ለበረዶ እንዳልሆነ ተነገረኝ። ልክ ናችሁ። በረዶ ሣር አይደለም፤ ይህን እኔ አልክድም።

አራተኛ፦ ስለ ወንዙ።

ቅጹ በአሥራ አራተኛው ገጽ ላይ በሕይወቴ የደረሰብኝን በደል በአምስት መቶ ቃላት እንድጽፍ ይጠይቃል። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ወደ ታይላንድ ስትሸሽ በጀርባዋ አዝላኝ በቀርከሃ ተንሳፍፋ የሜኮንግን ወንዝ እንዳሻገረችኝ፣ አባቴ ከኋላችን እንደቀረ ጻፍኩ። የቢሮዎ መልስ አንድ መስመር ነበር፤ «ወንዙን ስለመሻገርዎ ማስረጃ ያያይዙ»።

እዚህ ላይ ተቆጣሁ፣ አልደብቅዎትም። ደብዳቤውን ለእናቴ አላነበብኩላትም፤ አፍሬ ነው። ደረሰኝ የሚሰጥ ሰው እንዳልነበረ፣ ምስክሮቹም አብዛኞቹ ውሃው ውስጥ እንደቀሩ በትሕትና ጽፌ መለስኩልዎ። ለዚህም መልስ «ደብዳቤዎ ደርሶናል» ተብያለሁ።

አምስተኛውን ባለቤቴ አንብባው «ይህ ከወጣ ቤት አልገባም» ስላለች ሰርዤዋለሁ። ስለ ወገብዎ ነበር።

ስድስተኛ፦ ስለ ውጤቱ።

በጥቅምት መጨረሻ «ብቁ የሆነ አነስተኛ ድርጅት ስላልተገኘ» አርባ አንዱ ፌርማታ ለሁሉም ክፍት ተደርጎ፣ እኔ ከፌንግ ሙዋ ጋር ያለብኝን የመኖሪያ ጉዳይ ገና ሳልጨርስ፣ አራት መቶ የጭነት መኪና ያለው ከሌላ ግዛት የመጣ ኩባንያ ወሰደው። ኩባንያው እዚህ ከተማ የሚያውቀው መንገድ የለም፣ ለጠባብ ሰፈሮቻችን የሚሆን ትንሽ መኪናም አላመጣም። ስለዚህ የኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ፒክአፔን ከነበረዶ መግፊያው ገዛኝ። ልሸጥ አልፈለግሁም፤ የቤቱ ኪራይ ግን እኔን አልጠበቀም። አጎቴ በርክክቡ ዕለት ጠዋት ተነስቶ ፒክአፑን አጠበው፣ ወንበሮቹን ወለወለ፣ ጓንቶቹን ከውስጥ አውጥቶ ጉያው ሥር ያዘና ገዢው እስኪሄድ ድረስ ቆመ።

ሰኞ ዕለት ኩባንያው ሁለታችንንም በሰዓት የሚከፈል አካፋ ያዥ አድርጎ ቀጠረን። የአርባ አንዱን ፌርማታ መንገድ የሚያውቅ ሌላ ሰው አላገኘምና። አሁን ፒክአፔን አንድ ሌላ ልጅ ይነዳዋል፤ እኔና አጎቴ ከኋላው በእግራችን እየተከተልን የቀረውን እንጠርጋለን፤ ልጁ መታጠፊያው ሲጠፋው መስኮቱን ዝቅ ያደርግና «አባባ፣ በየት ነው?» ይለዋል አጎቴን። አጎቴም በእጁ ያሳየዋል። ማርሹ ሦስተኛው ላይ እንደሚንገጫገጭ፣ ቀስ ብሎ መያዝ እንዳለበትም ነግሮታል፤ ልጁ ግን አልሰማውም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ቅሬታ ለማቅረብ እንዳልሆነ ይረዱልኝ፤ የቅሬታ ቅጽ እንዳለ አውቃለሁ፣ ሃያ ሁለት ገጽ መሆኑንም አይቻለሁ። ቢሮዎ የተቋቋመው እንደኔ ያሉትን ሰዎች ትልቅ ለማድረግ ነው ሲባል ስሰማ አላምንም ነበር፤ አሁን አምኛለሁ፤ እኔን ከነቤተሰቤ በአንድ ማኅተም ከግዛቲቱ ትልልቅ ድርጅቶች ተርታ አሰልፋችሁ፣ በአምስተኛው ወር ደግሞ አካፋ አስይዛችሁ ከራሴ መኪና ኋላ አስኬዳችሁኛል። እንዲህ ያለ ፍጥነት በየትኛውም የመንግሥት ቢሮ አይቼ አላውቅም።

ረጅም ዕድሜ፣ ቀጥ ያለ ወገብና ከበረዶ የጸዳ ደረጃ እየተመኘሁ፣ ለሥራዎ ካለኝ ወደር የለሽ አክብሮት ጋር በራሴ፣ በቀድሞው ራሴ በፌንግ፣ እንዲሁም ያለ ፈቃዳቸው ባልደረቦቼ በሆኑት በሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ድርጅቶች ስም በቀኝም በግራም እጄ የምፈርም፣

ትሑት አገልጋይዎ
ናኦ ፌንግ ሙዋ
የቀድሞ ግዙፍ ድርጅት፣ የአሁኑ አካፋ ያዥ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ረቡዕ ኩባንያው ፎቶ አንሺ ልኮ እኔንና አጎቴን አካፋ አስይዞ፣ «ፈገግ በሉ» እያለ አነሳን። ዛሬ የቢሮዎን ደረጃ ልጠርግ መጥቼ ፎቶውን በመግቢያው ላይ በትልቁ ተሰቅሎ አየሁት፤ ከሥሩ «አናሳ ማኅበረሰቦችን የማሳተፍ ፕሮግራማችን ፍሬ» ይላል። አንዲት ሠራተኛዎ አጠገቤ ቆማ አየችውና «ምስኪን ሽማግሌ፣ ነፋሱ ዓይናቸውን አስለቀሳቸው» አለች። ነፋስ አልነበረም፣ ወይዘሮ ሄግዳል። ከፎቶ አንሺው ጀርባ የቆመው የእኛ ፒክአፕ ነበር።